አስታማሚው የማይሰማው ጥያቄ

ሮቢት ስላችሁ ሸዋ ሮቢት እንዳይመስላችሁ። የእኔዋ ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ ጎብዬን ካለፋችሁ በኋላ የምትመጣው ናት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተምዕራብ የላስታ ግርጌ፣ በመካከሉ የማሽላ ሜዳ። ክረምት ላይ ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን የሚያጠጣበት፣ በጋ ላይ ሙቀቱ ጥላ የሚያስናፍቅበት አገር። የመቀሌው አስፋልት መሐሉን ሰንጥቆት ያልፋል፤ ቀን ባጃጅና ጋሪ፣ ሌሊት ከባድ መኪና።

እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ላቁምላችሁ። በስም አትፈልጉት፤ ከብዙ ሰው ቆንጥሬ የሠራሁት ነው። ወሩ ጥር ነው። ማሽላው ተወቅቶ ገብቷል፣ ዳስ ተጥሏል፣ ጠላው ከጋን እየተቀዳ ነው። ሰውዬው 28 ዓመቱ ነው እንበል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ግንባሩ ተፈንክቶ፣ ግራ ክንዱ ያለ ቦታው ታጥፎ፣ በባጃጅ ተጭኖ ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ልማዱ ቢሆን ወጌሻ ቤት ነበር የሚሄደው፤ ደሙ አልቆም ስላለ ነው ወደዚህ የመጣው። አብረውት አራት ሰዎች ገብተዋል፦ ታላቅ ወንድሙ፣ የሚስቱ አባትና ሁለት ጎረቤቶች። ተረኛዋ ሲስተር ጓንቷን እያጠለቀች ትጠይቀዋለች።

«ምን ሆነህ ነው ወንድሜ?»

«ወደቅሁ እህቴ።»

«የት?»

«መንገድ ላይ።»

«ጠጥተሃል?»

ዝም። አማቱ ኮርኒሱን ያያሉ። ወንድሙ ይቀበልለታል፤ «ትንሽ ቀምሷል፤ ሠርግ አይደል!»

ሠርግ አይደል ከተባለ ምን ይጨመራል? ሲስተሯ ክፉ ሆና አይደለም ነገሩን የምትተወው። በሚቀጥለው ክፍል ምጥ የያዛት እናት አለች፣ በረንዳው ላይ ትኩሳት ያለበት ሕፃን ያለቅሳል። ቁስሉን አጥባ ትሰፋለች፣ የቲታነስ መርፌ ትወጋዋለች፣ ክንዱን በእንጨት ደግፋ ታስርና ለራጅ ወደ ቆቦ ሆስፒታል ትጽፍለታለች። ካርዱ ላይ «መውደቅ» ይሰፍራል። ግንባሩ ስፌት አገኘ፤ የጣለው ነገር ግን ካርድ ሳይወጣለት አብሮት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ላቁመውና ባሕር ላሻግራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ፣ ሃርበርቪው በሚባለው ሆስፒታል ውስጥ፣ ላሪ ጀንቲሌሎ የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ይሠራ ነበር። ሥራው የተሰበረ መጠገን፣ የተቀደደ መስፋት ነው። እርሱና ባልደረቦቹ ቆስለው የሚገቡትን ሰዎች ስለ መጠጣቸው መጠየቅ ጀመሩ። ከግማሽ ጥቂት ብቻ የሚያንሱት የመጠጥ ችግር እንዳለባቸው በልየታው ታየ። ከእነዚህ ውስጥ 762ቱን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። 366ቱ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ፤ 396ቱ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አግኝተው ሄዱ። ግማሽ ሰዓት! እኛ ዘንድ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ የሚያልፍ ጊዜ ነው።

ዓመት ሲሞላ ያወሩት ሰዎች በሳምንት ከሚጠጡት ላይ በአማካይ ወደ 22 መጠጥ ቀንሰው ተገኙ፤ ያላወሩት ወደ 7። እስከ ሦስት ዓመት በተደረገው ክትትል ደግሞ፣ ዳግመኛ ቆስሎ ሆስፒታል መተኛት ባወሩት ወገን ወደ ግማሽ ወርዶ ታየ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1999 ታተመ። ነገሩን ከሆነው በላይ ላሳምርላችሁ አልፈልግም፦ ከዓመት በኋላ ተፈልገው የተገኙት ከግማሽ እምብዛም አይበልጡም ነበር። ቢሆንም ወሬው ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ስሌት ለዚህ ምክር የወጣ አንድ ዶላር 3.81 ዶላር የሕክምና ወጪ እንደሚያድን አሳየ። ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ «ትልቅ የአደጋ ሕክምና ማዕከል ነኝ የሚል ሁሉ ቁስለኛውን ስለ መጠጥ ይጠይቅ» ብሎ ደነገገ።

እስከዚያ ድረስ ለምን አይጠይቁም ነበር? ምክንያቱን ስትሰሙ ትገረማላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተነደፈ የኢንሹራንስ ሕግ አርአያ ነበራቸው፤ ብዙ ግዛቶች ወርሰውት ነበር። ሰውዬው ሲቆስል ጠጥቶ ከሆነ ኢንሹራንሱ የሕክምናውን ወጪ እንዳይከፍል ይፈቅድለታል። ሐኪሙ የደም ምርመራውን ካዘዘ ሆስፒታሉ ገንዘቡን ሊያጣ ነው። እናም ዝም። ሮቢት ላይ በአማትና በጎረቤት ምክንያት ዝም የሚባለው፣ እዚያ በሂሳብ ሹም ምክንያት ዝም ይባል ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ ልምጣ፤ አሥር ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸውና እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣቸው፣ «ኦዲት» የሚባሉት። በስድስት አገር ሰዎች ላይ ተፈትነው ነው የወጡት፦ በኖርዌይ፣ በአውስትራሊያ፣ በቡልጋሪያ፣ በሜክሲኮ፣ በአሜሪካና በጎረቤታችን በኬንያ። በየስንት ጊዜው ትጠጣለህ? በምትጠጣበት ቀን ስንት ትጠጣለህ? በአንድ መቀመጫ ስድስትና ከዚያ በላይ የምትጠጣው በየስንት ጊዜው ነው? ከጀመርክ በኋላ ማቆም አቅቶህ ያውቃል? በመጠጥ ምክንያት የሚጠበቅብህን ሳትሠራ የቀረህበት ጊዜ አለ? ጠዋት ሰውነትህን ለማስነሣት መጠጥ ያሰኝሃል? ጠጥተህ ተጸጽተህ ታውቃለህ? የማታውን ጠዋት ማስታወስ አቅቶህ ያውቃል? አንተ በመጠጣትህ አንተ ወይም ሌላ ሰው ቆስሎ ያውቃል? ዘመድ፣ ወዳጅ ወይም ሐኪም «ቀንስ» ብሎህ ያውቃል? እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 4 ነጥብ አለው፤ ድምሩ 40 ነው። 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ቆም ብሎ ሊያነጋግሩት የሚገባ ነው። 20 የደረሰውን በምክር ብቻ አትሸኙትም፤ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል።

ደም መመርመር የዛሬን ብቻ ነው የሚናገረው። እነዚህ ጥያቄዎች የዓመቱን ይናገራሉ። ታዲያ የሚናገሩት ሰውዬው እውነቱን ከተናገረ ነው፤ የአማትየውን ዓይን ረሳችሁት እንዴ?

ኮምፒዩተሩ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ወጣት ወንዶችን ስለሚያሳፍር ጉዳይ ጠየቁ፤ ከፊሉ ወረቀት ሞላ፣ ከፊሉ ጥያቄውን በጆሮ ማዳመጫ ከኮምፒዩተር እየሰማ ቁልፍ ተጫነ። በጆሮው የሰማው ወገን ገመናውን በብዙ እጥፍ አብልጦ ገለጠ። ማሽን አይቆጣም፣ ቅንድቡን አይሰቅልም፣ ገበያ ላይ አግኝቶ ለእናትህ አይነግርም።

የበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል ይህን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዞት ገባ። 3,026 ቁስለኞች ተጠየቁ፤ 1,139ኙ በልየታው ተያዙ። ከእነርሱ ግማሾቹ ኮምፒዩተሩ ራሳቸው በመለሱት ላይ ተመሥርቶ በልካቸው ያዘጋጀውን ምክር ታትሞ ተቀበሉ፤ ግማሾቹ አልተቀበሉም። ከ6 ወር በኋላ በአደገኛ መጠን የሚጠጡት ምክሩን ካገኙት መካከል 21.7 ከመቶ፣ ካላገኙት መካከል 30.4 ከመቶ ሆነው ተገኙ። ዓመት ሲሞላ ምክሩን ያገኙት አሁንም ብዙ ቀንሰው ነበር፤ በአደገኛ መጠን በሚጠጡት ሰዎች ድርሻ ላይ የነበረው ልዩነት ግን ደብዝዟል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። ከአራት ዓመት በኋላ በሚሺጋን ግዛት ፍሊንት በምትባል ከተማ፣ ጠጪም ጠበኛም የሆኑ ታዳጊዎችን ከፍለው ለአንዱ ወገን ሰው፣ ለሌላው ኮምፒዩተር ሰጡ። መጠጡ የሚያመጣባቸውን ጣጣ ኮምፒዩተሩም ቀነሰው፤ ጠቡ የቀነሰው ግን ሰው ያማከራቸው ላይ ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

እናም ሮቢት። ለከተሜ ሰው «ማሽኑ ሚስጥር ይጠብቃል» ማለት ትንሽ ምቾት ነው። ለሮቢት ሰው ግን ዋናው ነገር ነው። ሲስተሯ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል፤ እርሷም የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች። ካርድ ክፍል የተቀመጠው ልጅ የክርስትና ዘመድ ነው። አስታማሚ ደግሞ በእኛ አገር ከበሽተኛው አልጋ አይለይም፤ ምግቡን የሚያመጣ፣ መድኃኒቱን የሚገዛ፣ ሌሊት መሬት ላይ የሚተኛ እርሱ ነው። ውጣ ብትሉት ይቀየማል፣ አትውጣ ብትሉት ይሰማል። ቆላው ደግሞ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው የሚኖሩበት ነው፤ አንድ ሙስሊም ወጣት በሰው ፊት «አዎ፣ እጠጣለሁ» ከሚል ክንዱ ቢሰበር ይመርጣል። ጫት ቅሞ ምርቃናውን በጨብሲ የሚያወርደውን ደግሞ ጨምሩበት፤ እርሱም ራሱን ጠጪ ብሎ አይቆጥርም፣ «ማውረጃ ነው» ይላል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ታብሌትና ሁለት የጆሮ መሰኪያ ብዙ ነገር ያደርጋል። ፊደል ባይቆጥርም ይሰማል፤ ለመመለስ ሥዕል ይነካል። አስታማሚው አጠገቡ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል፤ የሚሰማው ነገር የለም።

ታብሌት ለእኛ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በብዙ ወረዳ የቤተሰብ መረጃ በታብሌት መመዝገብ ከጀመሩ ቆይተዋል። ኔትወርክስ? ሲገኝ ይልካል፣ ሳይገኝ ያስቀምጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው፣ ያለ ኔትወርክ የማይሠራ ነገር ወደ ራያ ቆላ ይዞ አይመጣም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያልፍበት የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት እስከ አልጋቸው ድረስ ተዘርፈው ነበር፤ ስለዚህ የሚመጣው ዕቃ ርካሽ፣ ባትሪው ቀን የሚያውል፣ ቢጠፋም የሰው ገመና የማያጋልጥ መሆን አለበት።

ዋናው ችግር ሌላ ነው፤ መስፈሪያው።

ሁለተኛውን ጥያቄ አስታውሱ፦ «በምትጠጣበት ቀን ስንት ትጠጣለህ?» ፈረንጅ ጥያቄውን ሲጽፍ ጠርሙስ እያየ ነው። አንድ መጠጥ ማለት 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው ብሎ ቆርጧል። የፋብሪካ ቢራ ላይ ነገሩ ይሠራል፤ ጠርሙሱ 330 ሚሊ ሊትር፣ ጥንካሬው ከመቶ 5 ቢሆን 13 ግራም ይይዛል፤ በቃ። ጠላውንስ? የእገሊት ጠላ ከመቶ 2፣ የእገሊት ከመቶ 6 ይሆናል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ከመጀመሪያዋ ቤት 8 ግራም፣ ከሁለተኛዋ ቤት 24 ግራም ያስጠጣል። ሰውዬው በሁለቱም ቤት «ሦስት ጣሳ» ቢል፣ በአንዱ ሁለት ከምናምን መጠጥ ጠጥቷል፣ በሌላው ሰባት ከምናምን። አረቄማ አይነሣ። ተራው ከመቶ 34 ገደማ፣ ዳግሙ ከመቶ 46 ገደማ ነው የሚባለው፤ 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት መለኪያ ዳግም ወደ 18 ግራም ትጠጋለች። «ሁለት መለኪያ ብቻ» ያለ ሰው አራት መጠጥ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም፤ አልዋሸም ግን።

ከዚህም ይብሳል። ሠርግ ቤት ወይም ማኅበር ላይ ጣሳ ባዶ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ጎደል ሲል ይሞላል። አሳላፊው ከኋላ ይመጣል፣ እናንተ ጨዋታ ላይ ናችሁ፣ ጣሳው ተመልሶ ሙሉ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጣሳ ይዞ የተቀመጠ ሰው «አንድ ጠጣሁ» ቢላችሁ በምን ትከራከሩታላችሁ? ስለዚህ ማሽኑ «ስንት?» ብሎ መጀመር የለበትም። ከየትኛው ዕቃ እንደጠጣ ሥዕል ያሳየው፦ ጣሳ፣ ብርሌ፣ መለኪያ፣ ጠርሙስ። ከዚያም «ከመቼ እስከ መቼ ተቀመጥክ? ስንት ጊዜ ተሞላልህ? ስትነሣ እግርህ እንዴት ነበር?» ይበለው። ሌላ አገር የተሠራውን ጥያቄ አስተርጉሞ ብቻ ታብሌት ላይ የጫነ ሰው ቁጥር ያገኛል፤ ያ ቁጥር ግን የሮቢት ቁጥር አይደለም።

ይህ የኔ ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ፣ ነገሩ የጥቂት ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 አገር አቀፍ ሆኖ የተካሄደው «ስቴፕስ» የተባለው የጤና ጥናት ከ10 ሰው 4 ያህሉ በወሩ ውስጥ እንደጠጣ አገኘ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ቡታጅራ አጠገብ ባለው ሶዶ ወረዳ ገጠር ለገጠር ዞረው፣ እነዚያኑ አሥር ጥያቄዎች ጠይቀው፣ ከአራት ወንዶች አንዱ 8ና ከዚያ በላይ ሲያገኝ አዩ። 16ና ከዚያ በላይ ካገኙት ሰዎች ደግሞ 87 ከመቶው እርዳታ ፈልገው አያውቁም ነበር። ልብ በሉ፦ እርዳታ ፈልጎ የማይመጣ ሰው፣ ክንዱ ሲሰበር ይመጣል።

ወደ ሰውዬአችን እንመለስ። አሁን ቆቦ ሆስፒታል ነው፤ ራጅ ተነሥቷል፣ ክንዱ ጀሶ ገብቷል፣ ነገ ይወጣል። ስካሩ ለቆታል። ራሱን ያመዋል፣ ወፍራም ሀፍረትም ይዞታል። ታብሌቱን ይሰጡታል። በጆሮው የሚሰማው ድምፅ የአዲስ አበባ ሬዲዮ ድምፅ አይሁን እባካችሁ፤ የቆላው አነጋገር ያለው፣ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ይሁን። ለሴት አንቺ፣ ለወንድ አንተ፣ ለአዛውንት እርስዎ እያለ እንዲጠይቅ ሦስት ጊዜ መቀዳት አለበት፤ ሽማግሌ አንተ ያለ ማሽን ወዲያው ከአልጋው ላይ ይወረወራል።

ይመልሳል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፤ 3 ነጥብ። በቀን አምስት ስድስት፤ 2። ስድስትና ከዚያ በላይ በወር አንዴ፤ 2። ማቆም አቅቶት አያውቅም፤ 0። ውሃ ተራው ደርሶ ማሳው ላይ ሳይገኝ ቀርቶ ያውቃል፤ 1። ጠዋት አይጠጣም። ተጸጽቶ ያውቃል፤ 1። የማታው ጠፍቶበት ያውቃል፤ 1። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል፦ «አንተ በመጠጣትህ አንተ ወይም ሌላ ሰው ቆስሎ ያውቃል?» ጀሶውን ያያል። «አዎ፣ በዚህ ዓመት።» 4። አሥረኛው፣ «ቀንስ ያለህ ሰው አለ?» የለም፤ ማን ደፍሮ! 0። ድምሩ 14።

ማሽኑ 14 የሚለውን ቁጥር አሳይቶ «በአደጋ ቀጠና ነህ» ብሎ ቢዘጋው ከስድብ አይሻልም። ይልቅ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፦ «ከ0 እስከ 10 ቢሆን፣ ለመቀነስ ምን ያህል ተዘጋጅተሃል?» 4ን ይነካል። አሁን ሲስተር ትመጣለች፤ የሆስፒታሉ ሲስተር ናት፣ የሮቢት ሰው አይደለችም። አምስት ደቂቃ አላት። የእኛ ምክር ቢሆን «ለምን 4 ብቻ? ልጆች የሉህም? አታፍርም?» ብለን በጀመርን ነበር። እርሷ ግን እንዲህ ትላለች፤

«አራት ብለሃል። ለምን አንድ ወይም ሁለት አላልክም?»

ብልሃቱ ይህ ነው። ሰውዬው ሊከላከል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጥያቄው ግን ወደ ሌላ በኩል ዞረበት። አንድ ያላለበትን ምክንያት ለመናገር ራሱ መቀነስ ያለበትን ምክንያት ይዘረዝራል፦ ክንዱ በማረሻው ጊዜ አይደርስለትም፣ አማቱ አይተውታል፣ ልጁ ደሙን ስታይ ጮኻለች። አሜሪካዊው ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፎ ያስተዋወቀው የማነጋገር ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው፦ ሰው ከራሱ አፍ የሰማውን አይቃወምም።

«እሺ፣ ምን ብታደርግ ይሻልሃል?»

«ጣሳውን በመዳፌ እከድናለሁ።»

«በሞቴ ቢሉህስ?»

አያችሁ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በሞቴ! ስንት ሰው በዚህች ቃል ምክንያት ከመንገድ ዳር ተነሥቷል። በሌላ አገር መመሪያ ውስጥ ለበሞቴ መልስ የለም። አብረው ያስባሉ። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት ይችላል፤ ጀሶው ምስክሩ ነው፣ ለስድስት ሳምንት ይረዳዋል። ከዚያ በኋላስ? በቆላው ሠርግ ለሙስሊም እንግዳ ቀሪቦ ይቀርባል። መጀመሪያ ጣሳው ላይ ቀሪቦ ካስቀዳ፣ ሙሉ ጣሳ የያዘን ሰው ማንም በሞቴ አይለውም። ሰውዬው ፈገግ ይላል። «እሱስ ይቻላል» ይላል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የፍሊንት ነገር ይህ ነው። ማሽኑ እውነቱን ያወጣል፤ በሞቴን የሚያሸንፍ መላ ግን የሚወጣው ከሰው ጋር ነው። ታንዛኒያ ውስጥ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር፣ ሞሺ ከተማ ባለው ኬሲኤምሲ ሆስፒታል የሚሠራውም እንደዚሁ ነው። ካትሪን ስታተን የተባለች የዱክ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪምና የአገሩ ባልደረቦቿ፣ ከ10 ቁስለኛ ወደ 3 የሚጠጉት ጠጥተው እንደሚመጡ ካዩ በኋላ፣ ነርሶች በስዋሂሊ የሚያካሂዱትን አጭር ውይይት አዘጋጁ፤ ስሙ «ፑንጉዛ ፖምቤ ክዋ አፊያ ያኮ»፣ ስለ ጤናህ መጠጥ ቀንስ። ቴክኖሎጂው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰውዬው ወደ ቤቱ ሲገባ በስልኩ አጭር መልእክት ይከተለዋል። የእነርሱ ሰው የሚጠጣው ከሙዝና ከዳጉሳ የሚጠመቀውን ምቤጌ ነው፤ መስፈሪያውም እንደኛው ጣጣ አለው።

ስለ 20ዎቹና ከዚያ በላይ ስላሉት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ የለብኝም፤ ይህኛው የሞት ጉዳይ ነው። ብዙ ዓመት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው እግሩ ተሰብሮ ሲተኛ መጠጡ በድንገት ይቋረጥበታል። በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ አንዳንዴም መውደቅና መንፈራገጥ ይመጣል። ዘመዶቹ «ለከፈው» ይላሉ፤ ጠበል ይዘውት ሊሄዱ አልጋውን ይፈታሉ። በሽታው ግን ስም አለው፣ መድኃኒትም አለው፦ ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1። በገባበት ሌሊት ጥያቄው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ቀድሞ ይዘጋጅ ነበር። ጠበሉን አልቃወምም፤ ሲሻለው ይሂድ።

ፖሊስስ? ቁስሉ የጠብ ከሆነ የሕክምና ማስረጃ ለፖሊስ ይጻፋል። ሾፌር ከሆነ መንጃ ፈቃዱ አለ። የታብሌቱ መልስ ወደዚያ ፋይል ከገባ፣ ወሬው በሳምንቱ ከጎብዬ እስከ አላማጣ ይዳረሳልና ሁለተኛ እውነቱን የሚነግራችሁ የለም። የምክሩ መዝገብ ከማስረጃው መዝገብ የተለየ ይሁን፤ ይህን ድምፁ ገና ሲጀምር ይናገር፣ የተናገረውም ይከበር። አሜሪካኖቹ በኢንሹራንስ ሕጋቸው ያጡትን ዓመታት እኛ በፖሊስ ደብዳቤ ለምን እናጣለን?

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የምግብና የመድኃኒት አዋጁን ሲያወጣ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውርዶታል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥም ከልክሏል። ደግ አደረገ። ጠላ ግን መቼ ማስታወቂያ ኖሮት ያውቃል? ደጃፍ ላይ በእንጨት የተሰቀለች ጣሳ ትበቃዋለች።

እናም የመጨረሻዋ ሰው እርሷ ናት፤ ጣሳዋን የሰቀለችው። ማሽኑ መስፈሪያ እንዲያውቅ ከተፈለገ መምህሩ ሐኪም አይደለም፣ እርሷ ናት። ስንት ማሽላ፣ ስንት ብቅልና ጌሾ እንደገባ፣ ስንት ቀን እንደተቀመጠ፣ የትኛው ጋን ሰው እንደሚጥል ታውቃለች። ነገር ግን ሄዳችሁ ስትጠይቋት ዝም ብላ የምትነግራችሁ አይምሰላችሁ። ልጆቿን ያስተማረችው፣ ቤት ኪራይ የምትከፍለው በዚያ ጋን ነው። «ሰዉ እንዲቀንስ ልታደርጉ ነው፣ እኔን መስፈሪያ ትጠይቁኛላችሁ?» ብትል እውነቷን ነው። እንዲህ እንበል፤ ታብሌቱን የያዘው ልጅ ስለ ቀሪቦው ነገራት፣ ሰው እየጠየቀ እንደሚመጣ አስረዳት።

«ቀሪቦ እኔም እጠምቃለሁ» አለች እትዬ። «ገብሱን ቆልቼ። ስኳሩንስ ማን ይገዛልኛል? ጠላዬ ስኳር አይፈልግም። ቀሪቦውን በጠላ ዋጋ ሽጪ ብትሉኝ ከስሬ እቀመጣለሁ፤ አስወድጄ ብሸጠው ደግሞ ያ ክንዱ የተሰበረው ልጃችሁ ጠላውን ነው የሚያዘው። እስቲ እዚያ ላይ ጻፈውና ለአለቆችህ አሳያቸው።»